ቃል ኪዳንና ስጦታ፦ ንቅለ ተከላ በሚጠበቅበት ቤት

«ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። ተረቱ የባልና የሚስትን የጠባይ መመሳሰል ለመግለጽ የሚነገር ነው። ስለ ደማቸውና ስለ ሥጋቸው መመሳሰል ግን የሚለው ነገር የለም፤ ለብዙ ዘመናት እንዲልም አላስፈለገውም። ባል ሲታመም ሚስት ታስታምመዋለች፤ ሚስት ስትታመም ባል ያስታምማታል። ጸበል ይወስዳታል፣ ሐኪም ያሳያታል፣ ሌሊቱን ከራስጌዋ ተቀምጦ ያነጋል። ከዚህ በላይ ከትዳር ጓደኛ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ከዚህ በላይ የሚቻልም አልነበረምና።

ዛሬ ግን ከዚህ በላይ ይቻላል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ፣ ዶክተር ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቻቸው ከሮናልድ ሄሪክ ጤነኛ ኩላሊት ወስደው ለታመመው መንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉለት። በዓለም የተሳካው የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይኸው ነበር፤ መሪም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ተስፋፍቶ፣ ደም የማይዛመዱ ባልና ሚስትም አንዱ ለሌላው ኩላሊት የሚሰጡበት ዘመን ደርሷል።

በዚህም ምክንያት በጋብቻ ዕለት «በጤናም በሕመምም» ተባብለን የገባነው ቃል ቀድሞ ያልነበረ ጥያቄ ተደቅኖበታል። ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ የትዳር ጓደኛ ያለው ሰው ዕዳው እስከ ምን ድረስ ነው? አካሉን መስጠት ግዴታው ነውን? እርሱ መስጠት ባይችልስ፣ ሌላ ሰው እንዲሰጥ የመጠየቅ፣ የመለመን፣ የመገፋፋት መብት አለውን?

የሚጠበቀው ምንድን ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ሕይወታቸው ካለፈ ሰዎች የሚገኝ አካል በተራና በመመዘኛ የሚታደልበት ሥርዓት አለ። ታማሚው ስሙን ያስመዘግባል፤ ስልኩ እስኪጠራ ይጠብቃል። የዚያ ቤት የኅሊና ጭንቀት የራሱ ነው፤ የማያውቁት ሰው ሞት ለእነርሱ የምሥራች ሆኖ ይመጣልና። ይሁን እንጂ ሰውየው የሞተው እነርሱ ስለ ጠበቁ አይደለም። የሚጠባበቁትም ሞትን ሳይሆን ከሞት የሚተርፈውን ደግነት ነው።

በእኛ አካባቢ ግን የነገሩ መልክ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የዳሬሰላሙ ሙሂምቢሊ በ2017፣ የኪጋሊው ኪንግ ፋይሰልና የካምፓላው ሙላጎ በ2023 ተከትለዋል። በናይሮቢ ሕክምናው ከእነዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ የታወቀ ነው። አቅም ያለው፣ ወይም ወገን አቅም ያሰባሰበለት፣ ሕንድ ድረስ ይሄዳል። በእነዚህ መንገዶች ሁሉ የእኛ ሰው ተስፋ የሚያደርገው በሕይወት ያለ ለጋሽን ነው፤ ያም ለጋሽ አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ ነው።

እንግዲህ በእኛ ቤት የሚጠበቀው ተራ አይደለም፤ የሰው ቃል ነው። ታማሚው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል፣ ከእጥበት መሣሪያው ጋር ታስሮ ይውላል። ወጪው ከብዶት ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት የሚያወርድም አለ። በዚህ መካከል ከዘመድ አንዱ «እኔ እሰጣለሁ» እስኪል ይጠበቃል። ታማሚው ራሱ ለመጠየቅ አፉን ይይዘዋል። ስለዚህ የመጠየቁ ሸክም በትዳር ጓደኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚያተኩረውም በዚህ ሸክም ላይ ነው።

አካል የትዳር ዕዳ ነውን?

አስቀድመን በራሱ በትዳር ጓደኛው እንጀምር። ሕክምናው የሚለው ግልጽ ነው። ፖል ቴራሳኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ከትዳር ጓደኛ ከተወሰዱት ኩላሊቶች ውስጥ ከሦስት ዓመት በኋላ 85 በመቶው ሲሠሩ፣ ከሞቱ ሰዎች ከተወሰዱት መካከል ግን የሠሩት 70 በመቶው ነበሩ። ለሰጪው ያለው አደጋም ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። በ2010 የወጣ ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ ኩላሊት ከሰጡ 10,000 ሰዎች መካከል ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት 3 ያህል መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህን የሰማ ሰው «ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ከሆኑ፣ አደጋውም ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ መስጠት ግዴታ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ክርክሩ ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። ዕዳ የሆነ ነገር ይጠየቃል፤ ያልከፈለም ይከሰሳል፣ ይወቀሳል። አካል የትዳር ዕዳ ነው ካልን፣ የፈራች ሚስት ቃል ኪዳን አፍራሽ፣ ያመነታ ባል ከዳተኛ ሊባል ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ፣ ለሌላ ሰው አፍ ብሎ ጥርስን ማስነቀል እንኳ ራስን በከፊል እንደ መግደል ነው እስከ ማለት ደርሶ ነበር። እስከዚያ አብሮት የሚሄድ ሰው ዛሬ አይበዛም። ሆኖም ሰውን ለሌላው ጥቅም መሣሪያ ብቻ አድርጎ መመልከት አይገባም ያለው መሠረተ ሐሳቡ በዚህ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሚስት የባሏ መለዋወጫ አይደለችም፤ ባልም የሚስቱ።

የአማርኛችን ቃል ራሱ ሊያሳስተን ይችላል። የትዳር ጓደኛችንን «ባለቤቴ» እንላለን። ቃሉ የቤት ጌትነትንና የንብረት ባለመብትነትን ደርቦ ይዟል። ቤቱን በጋራ እንይዛለን፤ ልጁንም፣ ብድሩንም፣ ስሙንም። የአካል ባለቤት ግን አንድ ብቻ ነው። አካሉ የእርሱ በመሆኑ ነው ሲሰጥ «ሰጠ» የሚባለው። የእርሱ ያልሆነውን ማን ሊሰጥ ይችላል?

ከመስጠቱም በፊት መቻል የሚባል ነገር አለ። የደም ዓይነት ላይገጥም ይችላል፤ ምርመራው በሰጪው ላይ የተደበቀ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ሊያወጣ ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው፦ ሚስት በእርግዝናዋ ወቅት ፅንሱ ከአባቱ የወረሰውን የሥጋ ምልክት ሰውነቷ እንደ እንግዳ ቆጥሮ መከላከያ ሊያበጅበት ይችላል። ከዓመታት በኋላ ታማ ባሏ ኩላሊቱን ቢሰጣት፣ ሰውነቷ ያንኑ ምልክት አስታውሶ ሊዋጋው ይችላል። በዚያው በ1995ቱ ጥናት የባላቸውን ኩላሊት ከተቀበሉት ሚስቶች ውስጥ፣ አርግዘው በማያውቁት ዘንድ ከሦስት ዓመት በኋላ ኩላሊቱ የሠራው ለ87 በመቶው ሲሆን፣ አርግዘው በሚያውቁት ዘንድ ግን ለ76 በመቶው ነበር። የሁለቱን ደም ያዋሐደው ልጅ፣ የሁለቱን ሥጋ ለማዋሐድ እንቅፋት ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቤት የፍቅርን መጠን በኩላሊት የሚለካ ሰው ምን ሊል ነው? ባል ለሚስቱ መስጠት ያልቻለው ስላልወደዳት ሳይሆን ልጅ ስለ ወለደችለት ቢሆንስ?

ስለዚህ የትዳር ቃል ኪዳን የሚያስገድደው አብሮ መቆምን ነው፤ አካልን መስጠት ከቃል ኪዳን በላይ የሆነ ስጦታ ነው። የሰጠ ይመሰገናል። ያልሰጠ ወይም መስጠት ያልቻለ ግን አብሮ እስከ ቆመ ድረስ ዕዳ የለበትም።

ሽማግሌ የማይላክበት ጉዳይ

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ባል ታሟል፤ ሚስት ልትሰጠው ተመርምራ የደም ዓይነታቸው አልገጠመም። ባል ታናሽ ወንድም አለው። ያስተማረው፣ ድንበር ያሻገረው፣ የመጀመሪያውን ሥራ ያስያዘው ይኸው የታመመው ታላቁ ነው። ሚስት ቡና አፍልታ ዘመድ ትሰበስባለች። ከመካከል አንድ አዛውንት የታላቁን ውለታ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። የሁሉም ዓይን ወደ ታናሹ ይዞራል። ታናሹም አንገቱን ደፍቶ «እኔ እሰጣለሁ» ይላል። እልልታው ይቀልጣል። ለመሆኑ ይህ ሰው ሰጠ ወይስ ተወሰደበት?

ይሉኝታ ማኅበራችንን አቻችሎ ያኖረ ትልቅ ሀብት ነው። በይሉኝታ ጠብ ይበርዳል፣ ቂም ይረሳል፣ የተራበ ይጎርሳል። ግን ይሉኝታ ሰውን ማግባባት እንጂ ነጻ ማድረግ አይችልም። በይሉኝታ የተሰጠ ገንዘብ ይመለሳል፤ በይሉኝታ የተሰጠ ኩላሊት አይመለስም። ያ ታናሽ ወንድምም ሚስትና ልጆች ይኖሩታል። እርሷም እንደ ታላቂቱ ቃል ኪዳን ያላት ሰው ናት፤ በዚያ የቡና ስብሰባ ላይ ግን የጠየቃት የለም።

ጥንታዊው የግሪክ ጸሐፌ ተውኔት ኤውሪጲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 ዓመት ለመድረክ ያበቃው «አልቄስቲስ» የተባለው ተውኔት ይህንኑ ጉዳይ ያነሣል። ንጉሥ አድሜጦስ የሚሞትበት ቀን ደርሷል፤ በምትኩ የሚሞት ካገኘ ግን ይተርፋል። አባቱንና እናቱን ለመነ፤ እምቢ አሉት። ሚስቱ አልቄስቲስ እሺ ብላ ሞተችለት። በለቅሶው መካከል ልጅ አባቱን በፈሪነት ይወቅሳል፤ አባትም ልጅን ማሳደግና ማውረስ እንጂ ስለ ልጅ መሞት ከአባቶች የወረሰው ሕግ አለመሆኑን ይመልስለታል። ኩላሊት መስጠት እንደ መሞት አይደለም። ሆኖም አድሜጦስን የምናዝንበት በመጠየቁ አይመስለኝም፤ እምቢ ያሉትን ጠላት በማድረጉ ነው። በሌላው የተረፈችው ሕይወትም በኋላ ለራሱ መረረችው።

ንቅለ ተከላ በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ለጋሹን ከታማሚው ለይቶ ብቻውን ማነጋገር የተለመደው ስለዚህ ነው። እዚያ «አልፈልግም» ያለ ሰው እንዳለ፣ ብዙ ሐኪሞች ለቤተሰቡ «ለመስጠት አይመችም» ከማለት በቀር ምክንያቱን አይገልጹም። ቃሉ ሐሰት ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ያልፈለገ ሰው በእርግጥም ለመስጠት አይመችም፤ ፈቃድ የስጦታው ዋና አካል ነውና። ሐኪሙ የሚዘጋው በር ቤተሰቡ ሊከፍተው የማይገባውን በር ነው።

እዚህ ላይ «ፍልስፍናው ለእናንተ ይሁን፤ የእኔ ባል ግን እየሞተብኝ ነው» የምትል ሚስት ትነሣለች። እውነት አላት። ጨዋነትን ስንጠብቅ ሰው ከሞተ፣ ያ ጨዋነት ምን ይረባል? ዝምታም እኮ ውሳኔ ነው፤ ያልተነገረው ዘመድ እሺም እምቢም ለማለት ዕድል አላገኘም። «ደዌውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በእኔ አመለካከት መለየት ያለበት መንገርና መጫን ነው። በሽታውን፣ ምን እንደሚያስፈልግ፣ ለሰጪው ያለውን አደጋ ለዘመድ ሁሉ መንገር ይገባል፤ ታማሚው እስከ ፈቀደ ድረስ መደበቁ ጉዳት ነው። መጠየቅም ይቻላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ ለብቻ፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ውለታ ሳይቆጠር። የሚጠይቀውም ሰው «እምቢ ብትለኝም ነገ እንደ ትናንቱ ቡና እናፈላለን» ብሎ ይህንኑ በልቡ አጽንቶ መሆን አለበት። ይህን ማለት የማይችል ሰው ገና ለመጠየቅ አልተዘጋጀም።

ወንድም ለወንድሙ የመስጠት የኅሊና ግዴታ የለበትም ለማለት አይደለም። ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን ያ ግዴታ በእርሱና በኅሊናው መካከል ያለ ነው፤ ሌላ ሰው ገብቶ ሲያስፈጽመው ግዴታነቱ ሳይሆን ስጦታነቱ ይጠፋል።

በሄሪክ መንትዮች ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያሳይ ነገር አለ። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ሪቻርድ ለወንድሙ ማስታወሻ ልኮ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነገረው። ሮናልድም የመጣው ሊቆይ መሆኑን መለሰለት። የታመመው ሰው በሩን ከፈተ፤ ጤነኛው በተከፈተው በር ሳይወጣ ቀረ። ስጦታን ስጦታ የሚያደርገው ይኸው የተከፈተ በር ነው። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ጨምሮ ኖረ፤ ካስታመሙት ነርሶች አንዷንም አገባ። ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እስከ 2010 ኖረ።

ከዘመድ ተስፋ ሲቆረጥ ዓይን ወደ ገንዘብ ይዞራል። ኩላሊት የሚሸጥ ደሃ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኢስታንቡል መግለጫ ይህን ንግድ አውግዟል፤ የኬንያም የ2017ቱ የጤና ሕግ የአካል ልገሳን በሥርዓት ይገዛል። ከሕጉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ያ ሻጭስ የትዳር ጓደኛ የለውምን? የእኔን ባለቤት ለማትረፍ የሌላዋን ባለቤት መቁረስ፣ ጭንቀቴን ከእኔ ቤት አውጥቼ በሌላ ደጅ መጣል ነው። የማይገጥሙ ባልና ሚስት ሌላ የማይገጥሙ ባልና ሚስት አግኝተው የሚለዋወጡበት፣ በደቡብ ኮሪያ በ1991 የተጀመረው አሠራር ግን የተለየ ነው። በዚያ መንገድ ሁሉም ይሰጣል፣ ሁሉም ይቀበላል፤ ዋጋ ተቀብሎ የተቆረሰ ሰው የለም።

በመካከል ያለው ቀን

እስካሁን ስለ ታላቁ ውሳኔ ተናገርን። የጥበቃው ዘመን አብዛኛው ክፍል ግን በትንንሽ ነገሮች የተሞላ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው የጠጣው ውኃ አይወጣለትም፤ በሰውነቱና በሳንባው ይከማቻል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲምና ድንች የያዙት ፖታሲየም በደሙ ሲበዛ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ሚስት ብርጭቆ ቆጣሪ ትሆናለች። ከአቦል እስከ በረካ አብሯት ይጠጣ የነበረው ባሏ አንድ ሲኒ ብቻ ቀድታ ስትሰጠው ዓይኑን ከጀበናው ላይ ማንሣት ያቅተዋል። ሁለተኛውን ብትከለክለው ዘበኛ፣ ብትሰጠው ገዳይ የሆነች ይመስላታል።

መልሱ እዚህም ያው ነው። የአካሉ ባለቤት እርሱ ነው። ማስታወስ የእርሷ ነው፤ መወሰን የእርሱ። ለሰጪው የከፈትነውን በር ለታማሚው ልንዘጋበት አይገባም። ከገዛ ልጁ ኩላሊት አልቀበልም የሚል አባት ይኖራል፤ ቤተሰቡ «እልኸኛ» ይለዋል። እርሱ ግን ልጁን የሚጠብቅበት የመጨረሻው መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። አሳምኑት፤ ግን አታሸንፉት።

አስታማሚዋም ሰው ናት። መድከም፣ መሰላቸት፣ አንዳንዴም «መቼ ባለቀ» ብሎ ማሰብና ባሰቡት መደንገጥ የክህደት ምልክት አይደለም። በስደት ያለ ቤት ደግሞ የበለጠ ይከብደዋል። የሚገጥመው ወንድም በሌላ ሀገር ነው፤ ቪዛ ይጠበቃል። የሕንድ የ1994ቱ ሕግ የትዳር ጓደኛን ከቅርብ ዘመድ ይቆጥራል፤ ከውጭ አገር የሚመጡ ታማሚና ለጋሽ ግን ዝምድናቸውን በኤምባሲያቸው ማስመስከር አለባቸው። በሽማግሌ ፊት የተጋቡና የጋብቻ ወረቀት የሌላቸው፣ ወይም ወደ ኤምባሲያቸው መሄድ የሚያስፈራቸው ስደተኞች፣ ለሃያ ዓመት የኖሩበትን ትዳር በሰነድ ማረጋገጥ ያቅታቸዋል።

እዚህ ላይ ነው እኛ ጎረቤቶቻቸው የምንጠየቀው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ ኩላሊቱን መካፈል ባንችል ጥበቃውን መካፈል እንችላለን። ዕድሮቻችን ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል፣ ሬሳ ወደ ሀገር ለመላክ የታወቁ ናቸው። ለሞተ የምናዋጣውን ለምን ከመሞቱ በፊት አናዋጣም? ለምርመራ ገንዘብ፣ በእጥበት ቀን አራቱን ሰዓት ተራ ገብቶ አብሮ መቀመጥ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት መመለስ፣ ሚስትን አንድ ሌሊት ማስተኛት። ከዚህ ውስጥ የደም ዓይነት የሚጠይቅ የለም።

ንቅለ ተከላው ቢሳካም ነገሩ በዚያ አያበቃም። መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ ነው፤ ክትትሉም እንዲሁ። ባይሳካ ወይም ለጋሽ ሳይገኝ ቢቀርስ? የትዳር ጓደኛው ሲጠብቅ የኖረው ውጤቱን ብቻ ከሆነ፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው። በአማርኛ ግን መጠበቅ ሁለት ትርጉም አለው፤ የሚመጣን ነገር ተስፋ ማድረግ ነው፣ በእጅ ያለን ነገር መንከባከብም ነው። ንቅለ ተከላ በሚጠበቅበት ቤት ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ኩላሊቱ ይምጣ አይምጣ በትዳር ጓደኛው እጅ አይደለም። በእጁ ያለው የታማሚው ክብር፣ የዘመዱ ነጻነትና የራሱ ሰውነት ነው፤ ቃል ኪዳኑም የሚያዘው እነዚህን እንዲጠብቅ ነው።